ምዕራፍ ስድስት፦ አሜን ሲሳሳ

ሐዋሳ ውስጥ፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ የሆቴል ግቢ ሠርግ ተጠርቼ ነበር። ምሳው ተነሥቶ ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ሲሉ የሙሽራው አያት እንዲመርቁ ተጠየቁ። የሳውንዱ ልጅ ገመድ አልባውን ማይክ ይዞላቸው ሄደ። ሽማግሌው ብድግ ብለው እንደ ወጉ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት፤ ግርጌውን በሁለት መዳፋቸው እንደጨበጡ ወደ ሙሽሮቹ ዞረው ምርቃቱን ጀመሩ።

የመጀመሪያው ምርቃት ግቢውን ሞላው፤ «አሜን!» የሚለው መልስም ከየጠረጴዛው ተሰማ። ሁለተኛው ላይ ድምፁ ተቆራረጠ፤ አሜኑ ሳሳ። ሦስተኛው ላይ ስፒከሩ ጭራሽ ዝም አለ፤ «አሜን» ያሉት ከፊት ያሉት ሁለት ጠረጴዛዎች ብቻ ናቸው። ከኋላ የተቀመጥነው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ እናያለን፤ ምን ብለው እንደመረቁ ግን አላወቅንም። ያልሰሙትን ምርቃት አሜን ማለት አይቻልምና ሰዉ የየራሱን ወሬ ጀመረ።

ልጁ ሮጦ መጣ። «አባባ፣ ይቅርታ፣ አንዴ ይታገሡኝ» ብሎ ማይኩን ተቀበላቸውና የባትሪ ድንጋዩን ቀየረ። «ሄሎ፣ ሄሎ» ሲል ጥርት ብሎ ተሰማ። መልሶ ሰጣቸው፤ ሁለት ቃል እንደተናገሩ ጠፋ። ሁለተኛውን ማይክ አመጣ፤ እሱም በልጁ እጅ ሠርቶ በሽማግሌው እጅ ዝም አለ። አጠገቤ የተቀመጡ እንግዳ «ድምፃቸው ደክሞ ነው» አሉ። የሽማግሌው ድምፅ አልደከመም ነበር።

አንድ ማይክ በአንዱ እጅ የሚሠራው፣ በሌላው እጅ የማይሠራው ለምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ድምፅ ከአፍ ተነሥቶ ጆሮ እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ አብረን እንሂድበት። ይህን መንገድ የሚያውቅ ሰው ማይክ ሲበላሽ አይደናገጥም፣ በግምትም ድንጋይ አይቀይርም፤ ድምፁ የጠፋበትን ቦታ ፈልጎ ያገኘዋል።

ከአፍ እስከ ጆሮ

ድምፅ ሲወጣ የአየር መንቀጥቀጥ ነው። ማይኩ አናት ላይ ካለው ወንፊት በስተጀርባ አንዲት ስስ ሽፋን አለች፤ አየሩ ሲነካት ትንቀጠቀጥና መንቀጥቀጡን ወደ ደካማ ኤሌክትሪክ ትለውጠዋለች። በገመድ ማይክ ይህ ኤሌክትሪክ በሽቦ ተጉዞ ሚክሰር ውስጥ ይገባል። በገመድ አልባው ግን እጀታው ውስጥ ያለች ትንሽ ላኪ ድምፁን በሬዲዮ ሞገድ ላይ ጭና በአንቴናዋ ወደ አየር ትለቀዋለች። ተቀባዩ ሳጥን፣ ሪሲቨሩ፣ ሞገዱን ይይዛል፣ ድምፁን ከላዩ ያወርዳል፣ በገመድ ወደ ሚክሰር ይልካል። ከሚክሰር ወደ አምፕሊፋየር፣ ከአምፕሊፋየር ወደ ስፒከር፣ ከስፒከር እንደገና በአየር ወደ ጆሮ።

ስለዚህ የገመድ አልባ ማይክ ባለቤት የሆነ ሰው ሳያውቀው የትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ባለቤት ሆኗል። እጀታው ማሠራጫው ነው፤ ሪሲቨሩ እንደ ቤታችን ሬዲዮ አድማጩ ነው። ሬዲዮ ጣቢያ ላይ የሚደርስ ችግር ሁሉ፣ ማለትም የሞገድ መዳከም፣ የጣቢያዎች መደራረብ፣ የአንቴና መከለል፣ ማይኩም ላይ ይደርሳል። ልዩነቱ የኃይሉ መጠን ነው። ትልቅ የኤፍኤም ማሠራጫ በሺህ በሚቆጠር ዋት ሲሠራ፣ የእጅ ማይክ ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 50 ሚሊዋት ብቻ ነው የሚለቀው። ሚሊዋት የአንድ ዋት አንድ ሺህኛ ነው። ይህን ያህል ትንሽ ጉልበት ያለው ነገር መንገዱ ላይ የሚገጥመውን እንቅፋት ሁሉ የማለፍ አቅም የለውም።

ሁለቱ መብራቶች

ድምፅ ሲጠፋ ብዙ ሰው ማይኩን ይመታል፣ ይነፋበታል፣ ያራግፈዋል። መምታትና መንፋት ያችን ስስ ሽፋን ከመጉዳት በቀር የሚነግረን የለም። መልሱ ያለው ሪሲቨሩ ፊት ላይ ነው። በአብዛኛው ሁለት ዓይነት መብራት ወይም መለኪያ ይገኝበታል፦ አንዱ «አርኤፍ»፣ ሌላው «ኤኤፍ» የሚል። አርኤፍ ሞገዱ መድረሱን ያሳያል፤ ኤኤፍ ደግሞ በሞገዱ ላይ ድምፅ ተጭኖ መምጣቱን።

እነዚህ ሁለት መብራቶች ረጅሙን መንገድ ሦስት ቦታ ይቆርጡታል።

አርኤፍ ካልበራ ሞገዱ ራሱ አልደረሰም። ላኪው ጠፍቷል፣ ድንጋዩ አልቋል፣ ላኪውና ሪሲቨሩ የተለያየ ፍሪኩዌንሲ ላይ ናቸው፣ ወይም በመካከላቸው የሚከልል ነገር አለ። ሚክሰሩን መነካካት እዚህ ላይ ጊዜ ማባከን ነው።

አርኤፍ በርቶ፣ ሰው እየተናገረም ኤኤፍ ካልተንቀሳቀሰ፣ ችግሩ ከአፍ እስከ ላኪው ባለው አጭር መንገድ ላይ ነው። የማይኩ መዝጊያ ተዘግቷል፤ ደረት ላይ የሚሰካ ማይክ ከሆነም ወገብ ላይ ወደሚታሰረው ላኪ የሚወርደው ቀጭን ገመድ ተበጥሷል ወይም መሰኪያው ላልቷል። የዚህ ዓይነቱ ማይክ ቶሎ የሚሞተው በገመዱ ነው። ላኪው ላይ እየጠቀለሉ አጥብቆ ማሰር በውስጡ ያለውን ሽቦ ይሰብረዋል፤ ሰፋ ባለ ክብ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ዕድሜውን ያረዝመዋል።

ሁለቱም እየሠሩ ስፒከሩ ዝም ካለ፣ ሬዲዮው ሥራውን ጨርሷል። ጥፋቱ ከሪሲቨሩ ወዲህ ነው፦ ወደ ሚክሰር የሚሄደው ገመድ፣ የተዘጋ ቻናል፣ ወይም ያልበራ አምፕሊፋየር። ገመዱን በሌላ ገመድ፣ ቻናሉን በሌላ ቻናል ቀይሮ ማየት በደቂቃ ውስጥ ይለየዋል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር። ሁለት ነገር አብሮ የቀየረ ሰው ድምፁ ቢመለስ እንኳ ጥፋቱ የትኛው እንደነበረ አያውቅም፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ያው ችግር ይመለስበታል።

በሠርጉ ዕለት ልጁ ይህን መብራት ቢያየው ኖሮ ድንጋዩን አይቀይርም ነበር። ለማየትም ግን አልቻለም፤ ሪሲቨሩ ጠረጴዛ ሥር፣ ከትልቁ የኤልኢዲ ስክሪን ጀርባ ነበር የተቀመጠው።

የሽማግሌው እጅ

የሬዲዮ ሞገድ ርዝመት አለው። 300ን በሜጋኸርዝ ለተገለጸው ፍሪኩዌንሲ ብናካፍል ርዝመቱን በሜትር እናገኛለን። በ600 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ማይክ የሞገዱ ርዝመት ግማሽ ሜትር ነው። ለዚህ ሞገድ የሚሆን የተለመደው አንቴና የርዝመቱ ሩብ ነው፤ 12.5 ሴንቲሜትር፣ ከስንዝር ያነሰ። በብዙ የእጅ ማይኮች ይህ አንቴና የተደበቀው እጀታው ግርጌ ውስጥ ነው።

የሰው አካል ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ጨው ያለበት ውሃ ደግሞ በዚህ ፍሪኩዌንሲ ያለ ሞገድ ሲያገኝ ይውጠዋል። የማይኩን ግርጌ በመዳፍ መጨበጥ አንቴናውን በውሃ እንደመጠቅለል ነው፤ ከዚያች ትንሽ ጉልበት ትልቁ ክፍል እዚያው እጅ ውስጥ ይቀራል።

አሁን ሠርጉን መልሰን እንየው። ሽማግሌው ማይኩን በአክብሮት በሁለት እጃቸው ግርጌው ላይ ጨበጡ፤ ሞገዱ ተዳከመ። ምርቃቱ ለሙሽሮቹ ነውና ወደ ሙሽሮቹ ዞሩ፤ ጀርባቸው በሪሲቨሩ በኩል ሆነ፤ የደከመው ሞገድ ደግሞ ገላቸውን ማለፍ ነበረበት። ሪሲቨሩ ከብረት እግር ጠረጴዛ ሥር ነው። ከፊቱ የቆመው የኤልኢዲ ስክሪን በውስጡ ብረትና የኤሌክትሪክ ሰሌዳ የሞላበት ከመሆኑም በላይ የራሱን የሬዲዮ ሁካታ ይረጫል። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢሆን ማይኩ ይችለው ነበር። አራቱ ሲደመሩ ግን ሞገዱ ሳይደርስ ቀረ። ልጁ «ሄሎ፣ ሄሎ» ሲል እጀታውን መሐሉ ላይ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ጠረጴዛው አዙሮ፣ ከሪሲቨሩ ጥቂት እርምጃ ርቆ ነበርና ሁሉም ነገር ሠራለት።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ባዶ ወንበሮች መሐል ቆመን ሞከርነው። ልጁ እንደ ሽማግሌው ግርጌውን ጨብጦ፣ ሽማግሌው በቆሙበት ቆሞ፣ እንደ እሳቸው ዞረ። እኔ ጎንበስ ብዬ መብራቱን አየሁ። አርኤፉ ብልጭ ብልጭ አለና ጠፋ። እጁን ወደ መሐል ከፍ ሲያደርግ በራ። ሪሲቨሩን አውጥተን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስናስቀምጠው ደግሞ ግቢውን በሙሉ ቢዞር መብራቱ አልጠፋም።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ አጭር ነው፦ የሪሲቨሩ አንቴና ተናጋሪውን ማየት አለበት። ሰው ሲቆም እንዳይከልለው ከራስ በላይ ከፍ ይበል፤ ከስክሪን፣ ከኮምፒውተርና ከዋይፋይ ሳጥን ይራቅ፤ ከአዳራሹ ጀርባ ይልቅ ወደ መድረኩ ይጠጋ። ሁለት አንቴና ያለው ሪሲቨር ከሆነ አንቴናዎቹ እንደ «V» ፊደል ተከፍተው ይቁሙ። ሁለት የተደረጉት ለጌጥ አይደለም። ሞገድ ከግድግዳና ከቆርቆሮ ጣሪያ እየተንጸባረቀ በተለያየ መንገድ ስለሚደርስ፣ አንዳንድ ነጥብ ላይ ሁለት ሞገዶች ተገናኝተው ይጠፋፋሉ። ተናጋሪው አንድ እርምጃ ሲራመድ ድምፁ ብቅ ጥልቅ የሚለው በዚህ ነው። አንዱ አንቴና ባዶ ነጥብ ላይ ሲሆን ሌላው ደህና ነጥብ ላይ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ሪሲቨሩም የተሻለውን ይመርጣል።

ሽማግሌን ግን «አያያዝዎ ትክክል አይደለም» ማለት አይገባም። ማይኩን የሚያቀብለው ሰው ግርጌውን ራሱ ይዞ ቢዘረጋላቸው እጃቸው በራሱ መሐሉ ላይ ያርፋል። ከዚያም የሚሻለው ማይኩን በማቆሚያ እግር ላይ አቁሞ ፊታቸው ማቅረብ ነው።

የጎረቤት ድምፅ

እሑድ ጠዋት በአንዱ ጸሎት ቤት ስፒከር የሌላው ስብከት የሚሰማበት ጊዜ አለ። ሐይቁ ዳር በተጠጋጉ ግቢዎች ሁለት ሠርግ በአንድ ቅዳሜ ሲገጥምም እንዲሁ። በገበያ ላይ በብዛት ያሉት ርካሽ ማይኮች ፍሪኩዌንሲያቸው ከፋብሪካ የተቆረጠ ነው፤ አይቀየርም። ጎረቤት ተመሳሳይ ሞዴል ከገዛ ሁለታችንም አንድ መንገድ ላይ ነን።

ለዚህ አንድ ቀላል ፈተና አለ። የራሳችሁን ማይክ በሙሉ አጥፉና ሪሲቨሩን ተመልከቱ። የእናንተ ላኪ ጠፍቶ አርኤፍ ከበራ፣ ሌላ ሰው ወይም ሌላ መሣሪያ ቦታውን ይዞታል። ፍሪኩዌንሲ የሚቀየርበት ሪሲቨር ካላችሁ «ስካን» አድርጉ፤ ስታደርጉ ግን የራሳችሁ ማይኮች ጠፍተው፣ ስክሪኑና ሌላው ዕቃ ሁሉ በርቶ ይሁን። ጸጥታ የተገኘበት ቦታ ላይ ላኪውን አስማሙ፤ ከዚያ ማይኮቹን አንድ በአንድ አብሩ።

የራሳችን ማይኮች እርስ በርስ የሚጣሉበትም ጊዜ አለ። ብዙ ሰው ሦስት ማይክ ሲኖረው 520፣ 521 እና 522 ሜጋኸርዝ ላይ እኩል አራርቆ ያስቀምጣቸዋል። ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት ላኪዎች ሲቀራረቡ የሌሉ ሞገዶችን ይወልዳሉ። የአንዱ እጥፍ ሲቀነስ ሌላው፦ 521 በሁለት ተባዝቶ 520 ሲቀነስ 522 ይሆናል። ይህ ሦስተኛው ማይክ የተቀመጠበት ቦታ ነው። በ520፣ በ521 እና በ523 ቢቀመጡ ግን እንዲህ ያለው ስሌት የትኛውንም ማይክ አይነካም። አዳዲሶቹ ሪሲቨሮች ይህን ያሰሉ «ግሩፖች» አሏቸው። ማይኮቹን ሁሉ ከአንድ ግሩፕ መምረጥ በቂ ነው።

በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ ማይኮች ደግሞ ከዋይፋይና ከብሉቱዝ ጋር አንድ ሰፈር ይኖራሉ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ጥሩ ሠርተው ሕዝቡ ስልኩን ይዞ ሲገባ የሚቆራረጡት ለዚህ ነው። ለትንሽ ስብሰባ ይበቃሉ፤ ለትልቅ ጉባኤ ግን ልብ አያሳርፉም።

ከውጭ ለሚላክ ዕቃም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሜሪካ ከ698 እስከ 806 ሜጋኸርዝ ያለውን ቦታ በ2010 እ.ኤ.አ.፣ የ600ዎቹን አብዛኛውን ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. ለገመድ አልባ ማይክ ዘግታ ለሞባይልና ለሌላ አገልግሎት ሰጥታለች። እዚያ መጠቀም የተከለከለ ማይክ በርካሽ ይሸጣል፤ ዘመድም በቅን ልብ ገዝቶ ለአጥቢያው ይልካል። ሞባይል በዚያው ፍሪኩዌንሲ በሚሠራበት ቦታ ማይኩ ከስልክ ማማ ጋር ትግል ይገጥማል። ከመግዛት በፊት በዕቃው ላይ የተጻፈውን ፍሪኩዌንሲ ማንበብና በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን መጠየቅ ከኪሳራ ያድናል።

ማይኩ ያልበደለው ጩኸት

«ማይኩ ይጮሃል» የሚባለው ፉጨት የሬዲዮው ጥፋት አይደለም። ከስፒከር የወጣ ድምፅ ተመልሶ ማይክ ውስጥ ይገባል፣ ይጎላል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይገባል፤ ክቡ ሲዘጋ ይጮሃል። ገመድ አልባ ማይክ ላይ የሚብሰው ተናጋሪው እንደልቡ ስለሚሄድና ስፒከሩ ፊት ስለሚቆም ነው። ስፒከሮቹን ከተናጋሪው ቀድመው ወደ ሕዝቡ እንዲቆሙ ማድረግ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው።

ሁለተኛው ርቀት ነው። በአፍና በማይክ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ወደ ማይኩ የሚገባው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይጨምራል። ማይኩን ሆዱ ላይ ይዞ የሚናገር ሰው ባለሙያውን ድምፁን እንዲያጎላ ያስገድደዋል፤ ሲጎላ ይጮሃል። ከአገጭ በታች፣ ከአፍ አራት ጣት ያህል ርቆ ከተያዘ ድምፁን ማጉላት አያስፈልግም። ወንፊቱን በእጅ መሸፈንም ነገሩን ያባብሳል። ማይኩ ከፊት ብቻ እንዲሰማ ያደረጉት ከጎን ያሉ ቀዳዳዎች ናቸው፤ ሲደፈኑ ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል። የውይይት መድረክ ላይም የማይናገር ሰው ማይክ ይዘጋ፤ የተከፈተ ማይክ ቁጥር በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ወደ ጩኸት በ3 ዴሲቤል እንቀርባለን።

የተሰነጠቀ ድምፅ ከላኪው የድምፅ መጠን መብዛት ይመጣል። በመጀመሪያ በለሆሳስ ተናግሮ በመጨረሻ የሚጮህ ሰባኪ ከሆነ፣ መጠኑ የሚስተካከለው በጩኸቱ ልክ ነው። መንኮሻኮሽ ከሆነ ልብሱን እዩ፤ ደረት ላይ የተሰካ ማይክን ነጠላ ያሻሸዋል፣ ሐብል ያንኳኳዋል። ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ነጠላውና ሐብሉ በማይደርሱበት ቦታ ይሰካ። ከቤት ውጭ፣ ለምሳሌ የፍቼ ጨምበላላ በዓል በሚከበርበት በሐይቁ ዳር በጉዱማሌ፣ ነፋሱ ራሱ ማይክ ውስጥ ይናገራል። እዚያ ወንፊቱን የሚያለብስ ስፖንጅ ግድ ነው።

ድንጋይና መብራት

የአልካላይን ድንጋይ አዲስ ሲሆን 1.5 ቮልት ነው፤ ቻርጅ የሚደረገው ብዙውን ጊዜ 1.2። ብዙ ላኪዎች የቀረውን ኃይል የሚገምቱት በቮልቱ ነውና፣ ቻርጅ ሞልቶ እንኳ «ሊያልቅ ነው» ሊሉ ይችላሉ፤ የሚመረጥበት ማስተካከያ ካለ ዓይነቱን ንገሩት። አሮጌና አዲስ ድንጋይ አትቀላቅሉ። ፕሮግራም ሲያልቅ አውጥታችሁ አስቀምጡ፤ ውስጥ የተረሳ ድንጋይ ፈሳሽ አውጥቶ ብረቱን ይበላዋል። ሲጠቀሙበት የቆየ ድንጋይ ለሬዲዮ ወይም ለሰዓት ይሁን። የምርቃት፣ የጸሎትና የምረቃ ቀን ማይክ አዲስ ድንጋይ ይገባዋል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንድ ሪሲቨር ራሱን አያበራም፤ ጄነሬተር ከተነሣ በኋላ ቀድሞ የሚታየው እሱ ይሁን። አምፕሊፋየር መጨረሻ ይበራል፣ መጀመሪያ ይጠፋል። ስፒከሩ ያለማቋረጥ «እምምም» ካለ የ50 ኸርዙ መብራት በገመድ ወይም በምድር ሽቦ በኩል ገብቶ ነው፤ ፍለጋው ከሪሲቨሩ ወዲህ ይሁን። የምድር ሽቦን ቆርጦ ድምፁን ማጥፋት ግን ሰው ሊገድል ይችላልና ፈጽሞ አይደረግ።

እንግዳ ከመግባቱ በፊት

ከዚህ ሁሉ ጥፋት አብዛኛው ከፕሮግራሙ በፊት በሩብ ሰዓት ውስጥ ይያዛል። አንድ ሰው ማይኩን ይዞ ተናጋሪው በሚሄድበት ሁሉ ይሂድ፤ ይዙር፣ ጀርባውን ይስጥ፣ ግርጌውን ሆን ብሎ ይጨብጥ። ሲሄድ «ሄሎ» ብቻ ሳይሆን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገር። ሌላው ሪሲቨሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ አርኤፉን ይይ። ሦስተኛው የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይስማ። ባዶ ቦታ ላይ በጭንቅ የሚሠራ ማይክ ሰው ሲሞላ ይጠፋል፤ የሚገባው ሕዝብ ሁሉ ውሃ ነውና። የገመድ ማይክ አንድ፣ ተሰክቶና ተሞክሮ፣ መድረኩ ጥግ ይጠብቅ። ገመድ አልባው ሲጠፋ ሽማግሌውን ሁለት ጊዜ ከማቋረጥ፣ እሱን በክብር ማቅረብ ይሻላል።

በሲዳማ ሽማግሌዎች ዘንድ «አፊኒ» የሚባል የመመካከሪያ ሥርዓት አለ። ቃሉ «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት ነው። ነገር ከመቆረጡ በፊት መሰማቱ ይጠየቃል። የድምፅ ባለሙያ ሥራም ከዚህ ጥያቄ ነው የሚጀምረው፤ የሚጠየቀው ግን ከፊት የተቀመጠው ሰው አይደለም። እሱ ስፒከር ባይኖርም ይሰማል።

ያ ልጅ ዛሬም ሐዋሳ ውስጥ ሠርግ ይሠራል። ሪሲቨሩን ከስክሪኑ ጀርባ አውጥቶ ከፍ ባለ ብረት ላይ ያቆመዋል፤ ለሽማግሌ ማይክ ሲሰጥ ግርጌውን ይዞ ይዘረጋል። ምርቃት ሲጀመር ዓይኑ መብራቱ ላይ፣ ጆሮው ግን ከግቢው ጫፍ፣ ከአጥሩ ሥር ያሉት ጠረጴዛዎች ላይ ነው። ከዚያ አሜን እስኪመጣ ይጠብቃል።